«የአምና ሥራ» ስለተባለው ጎማ፣ ለክርስትና አባቴ

ለተከበሩ ጋሽ ሀብተ ወልድ፣
የሰባተኛ ሰፈር ዕድራችን ሊቀመንበር፣ የሶማሌ ተራ ጎማ ነጋዴዎች ሲጣሉ የሚያስታርቁ ሽማግሌ፣ ከሁሉም በላይ የክርስትና አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎ በርትቶ፣ ሱቅዎም ደምቆ እንደሚገኝ አልጠራጠርም። እኔ ልጅዎ ዘመድኩን እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ሦስት ጊዜ ሱቅዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል» ተብዬ ስለተመለስኩ ነው።

እንደሚያውቁት በሚኒባሴ የሰፈራችንን ሕፃናት ትምህርት ቤት አመላልሳለሁ። ባለፈው መስከረም የኋላ ጎማዎቼ ሲያልቁ፣ ሌላ ሱቅ መግባትን እንደ ክህደት ቆጥሬ በቀጥታ ወደ እርስዎ መጣሁ። ለተደረገልኝ ውለታ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስላስተማሩኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። ያለቀው ጎማዬ ላይ የተጻፈው 195/70R15C ሆኖ ከጎኑ 104 የሚል ነበር፤ እርስዎ የሰጡኝ ላይ ደግሞ 195/65R15 እና 91 ይላል። ልዩነቱን ሳልጠይቅ «ቸርኬው ላይ ከገባ ምን ቀረህ?» ብለው አረጋጉኝ። አሁን እንደተማርኩት 195 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው፤ ቀጣዩ ቁጥር የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ 15 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። እነዚህስ ይሁኑ። C የምትለዋ ፊደል ግን ጎማው ጭነት ለሚችል መኪና መሠራቱን ትናገራለች፤ መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥርም የመሸከም አቅሙ ነው፤ 104 ማለት ዘጠኝ መቶ ኪሎ፣ 91 ማለት ስድስት መቶ አሥራ አምስት ኪሎ። አሥራ ሦስት ሕፃናት ከነቦርሳቸው የሚጫኑበትን መኪና የቤት መኪና ጎማ አልብሰው ሸኙኝ፤ ምርቃትም ጨምረውበታል።

2. ጎማው ጎን ላይ ስላለችው 1216 የምትል ትንሽ ቁጥርም ላመስግን። እኔ አልጠየቅኩም፤ እርስዎ ራስዎ በጣትዎ እያሳዩ «ይኸው፣ የአሥራ ስድስት ነው፤ የአምና ሥራ» አሉኝ። ጊዜው መስከረም 2017 ነበርና አምና 2016 መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ደስ ብሎኝ ጉልበትዎን ስሜ ወጣሁ። ቁጥሩ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን፣ የ2016 አሥራ ሁለተኛ ሳምንትም በእኛ መጋቢት 2008 መሆኑን የነገረችኝ ጎሚስታዋ ሰዓደት ናት፤ ያውም ግንቦት ላይ የፈነዳውን ፈትታ ስኮርታዬን፣ ትርፍ ጎማዬን፣ ስታስርልኝ። ስምንት ዓመት ተኩል መጋዘን ውስጥ ሲደርቅ የኖረ ጎማ ነበር የሰጡኝ። ለምን ራስህ አላነበብክም ይሉኝ ይሆናል። የክርስትና አባት የሰጠውን ዕቃ አገላብጦ ማየት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

3. ስለ ሩታ። ግንቦት ላይ በኮልፌ መንገድ ስወርድ ጎማው ፈንድቶ መሪው ከእጄ ሊወጣ ሲል፣ ከአጥር ጋር ተላትመን ቆምን። አሥራ ሁለቱ ሕፃናት በድንጋጤ ብቻ ተረፉ። የስድስት ዓመቷ ሩታ ክንዷ ተሰበረ። ለዚህ ምስጋና ማግኘት አቃተኝ።

4. በመጨረሻም በዕድሩ ስብሰባ ላይ ስለተናገሩልኝ ቃል። የሕፃናቱ ወላጆች በተሰበሰቡበት ተነሥተው «ልጁ ልጄ ነው፣ ግን ይከንፋል፤ እኔም መክሬው ነበር» ብለው መሰከሩ። ጎማው ከየት እንደተገዛ አላነሡም። ሊቀመንበር ሲናገር፣ ያውም አባት፣ አቋርጬ መናገር አልቻልኩምና አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን የሚሰጠኝ ወላጅ የለም፤ ጠዋት ጠዋት የሩታ እናት ቦሰና ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። ጋሼ፣ ጎማው አላሳዘነኝም፤ እንደዚያ መቆሜ ነው የጎዳኝ። ያንን ቃል ከእርስዎ ፈጽሞ አልጠበቅኩም ነበር።

እንግዲህ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ልክ እንደዚያን ዕለት ተነሥተው፣ በዚያው ድምፅ፣ ለነቦሰና እውነቱን ይንገሯቸው።

ወላጆቹ ልጆቻቸውን በእጄ እንደሰጡ፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ በእጅዎ የገባሁ፣ እስከ ግንቦት ድረስ ታዛዥ ልጅዎ የነበርኩ፣
ዘመድኩን
ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የቆመችውን መኪናዎን አይቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ነውሬን ጥዬ በርከክ ብዬ ጎማዎቿን አነበብኩ። ልኳ ትክክል ነው፤ አራቱም ላይ 0325 ይላል፤ የሃያ አምስት ሦስተኛ ሳምንት መሆኑ ነው። ለእኔ በቆጠሩልኝ አቆጣጠር ከሆነ እነዚህ ጎማዎች ገና ከስምንት ዓመት በኋላ ነው የሚሠሩት። ለራስዎ ሲገዙ ግን የፈረንጁን አቆጣጠር ያውቁታል ማለት ነው።