የኑሩ ማንኪያ ወተት

ማክሰኞ
አስቸኳይና አሳዛኝ ዜና! የስድስት ዓመቱ ወንድሜ ኑሩ ዛሬ ደሴ ላይ ከአንድ ማንኪያ ወተት ጋር ጦርነት ገጠመ። ያውም ከግማሽ ማንኪያ።

ወተት አይስማማውም፤ ያሳብጠዋል፣ ያፍነዋል። የደሴዋ ሐኪም ከጠብታ ጀምራ እየጨመረች ታለማምደዋለች። ጠጣ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አፍጥጠንበት፣ ምንም!

"ቤትም በየቀኑ ይችኑ ያህል" አለች። "ካፈነው ይህን የሰጠኋችሁን መርፌ ወግታችሁት አምጡት። ያኔ ግን እንደገና ከጠብታ እንጀምራለን።"

ወደ ቤታችን ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ "ቀንድ አበቀልክ" አልኩት። ግንባሩን ዳበሰ። ሳቅሁ። ጆሮዬ ግን ትንፋሹ ላይ ነበር። በረመዳን ቅቤ የነካው ገንፎ ቀምሶ ደረቱ ያፏጨው ፉጨት እስካሁን አለቀቀኝም።

ረቡዕ
ጠጣ።
"ምን ታፈጪብኛለሽ?"
"ጥጃ ስትሆን እንዳያመልጠኝ።"
"እምቧ!" ብሎ ሲስቅ ትን አለው። እማ ደርቃ ቀረች። ደህና ነው።
ከሰዓት ጓዳ ውስጥ የሆነ ነገር አፏጨ። መርፌውን ይዤ ዘልዬ ገባሁ። እማ አየችኝ።
"ማንቆርቆሪያውን ልትወጊው ነው?"
እሷም ሮጣ ነው የመጣችው።

ሐሙስ
ጎረቤታችን እማማ ዘሀራ ከሰፈሩ የዱዓ ጸሎት ሲመለሱ ጎራ አሉ። "አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ" አሏት እማን። ኑሩን ሳብ አድርገው "እንትፍ! እንትፍ! አላህ ያሽርህ!" ብለው ጉንጩን መረቁት።
ምራቃቸው ያረፈበት ሁሉ ቀልቶ ተነፋ።
"እማማ፣ ምን ጠጥተው ነው የመጡት?" አልኳቸው።
"ምንም! ዱዓው ላይ አንድ ጣሳ ወተት ብቻ።"
እማ መርፌውን አነሣች። እኔ ደረቱ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ፉጨት የለም። የለም። የለም።
"ተነሽልኝ፣ ፀጉርሽ ይኮረኩረኛል!"
እማ መርፌውን አስቀመጠች፤ ፊቱን አጠብነው። እማማ ዘሀራ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው "በምርቃቴ ልፈጀው ነበር!" ይላሉ። ማሾፍ አምሮኝ ነበር፤ ውሃ ሰጠኋቸው። ሐኪሟ በስልክ "ጠብቁት፣ ነገ አምጡት" አለች። ቀኑን ሙሉ ሲተነፍስ ሰማሁት።

ዓርብ
ደሴ። ሐኪሟ አዳመጠችው፣ ጉንጩን አየች። "ቆዳው ብቻ ነው። ማንኪያዋ ትቀጥላለች።" እማ አልሐምዱሊላህ እያለች ወንበሩን ሳመች። ወንበሩን!
ስንመለስ እማማ ዘሀራ በር ላይ ቆመዋል፤ አልገባም አሉ። "ከእንግዲህ በሩቁ ነው የምመርቀው።"
"እማማ፣ ነፋሱ ወደኛ ነው" አልኳቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሄዱ።

እውነቱን ለመጻፍ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ለአራት ቀይ ነጥብ ነበር። ትንኝም ከዚያ የባሰ ትሠራለች።