መድረኩ ላይ የቀረው ኢንሱሊን

እሑድ

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሳስተረጉም ዋልኩ። ከሲሬ የመጣው እንግዳ ነቢይ በኦሮምኛ ይተነብያል፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ድንገት የባሌን እናት፣ እማማ ዝማምን አስነሣቸው። «ልጄ ሆይ፣ ስኳርሽ ዛሬ ከሥሩ ተነቅሏል፤ መርፌውን ዳግመኛ አትንኪ» አለ። እኔም ያንኑ በአማርኛ አልኩ። ምን ላድርግ? አስተርጓሚ ነኝ። እማማ እያለቀሱ ኢንሱሊናቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ለምስክርነት መድረኩ ላይ አኖሩት። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ትንቢት ሲነገር ሽማግሌዎቻችን መመዘን አለባቸው፤ ደንባችን ነው። ዛሬ እነሱም አጨበጨቡ።

ሰኞ

እማማ አልተወጉም። እየዘመሩ ጎመን ቀነጠሱ። ደህና ይመስላሉ። ባሌ ለሥራ አኖ ከተማ እንደሄደ ነው፤ ስልኩ አይሠራም። «ኧረ ሐኪም ይይዎት» ብላቸው ሳቁ።

«በአንቺው አፍ አይደል የሰማሁት?»

የገበያ ኦሮምኛ አያንሳቸውም። እግዚአብሔር ሲናገራቸው ግን በአማርኛ ነው፤ ያውም በእኔ አፍ። ድሮ ይህ ያስቀኝ ነበር። ዛሬ ፈራሁ።

ማክሰኞ

ውሃ፣ አሁንም ውሃ። ጠጥተው አይረኩም፤ ደጅ ይመላለሳሉ፤ ጉንጫቸው ጎደጎደ።

የሽማግሌዎቻችን ታላቅ ኦቦ ቶላ ቤት ሄድኩ። «አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ?» ብለው እንደ ልጃቸው ተቀበሉኝ። ሰላምታ የምመልስበት አንጀት አልነበረኝም። «ለምን ዝም አላችሁ?» አልኳቸው።

«እንግዳን በሰው ፊት ማረም ነውር መስሎን ነው።»

ይሉኝታ! የጸጋ ስጦታ የሚሰጠው ጉባኤውን ለማነጽ ነው ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይኸው፣ ቤቴ እየፈረሰ ነው። ይህን ስላቸው ኩታቸውን አንሥተው ወጡ። ቤተ ክርስቲያኑን አስከፍተው መድኃኒቱን ከመድረኩ አንሥተው ይዘውልኝ መጡ። «ተሳስተናል፣ ይወጉ» ብለው እማማን ለመኑ።

«እርስዎ ሰው ነዎት» አሏቸው እማማ።

ረቡዕ

ሲያስመልሳቸው አደረ። ትንፋሻቸው የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። መርፌውን ሳሳያቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ «እምነቴን አትንጠቂኝ» አሉ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አለቀስኩ። በድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነብኝ።

ቀትር ላይ ራሳቸውን ሳቱ። ከኦቦ ቶላ ጋር ተሸክመን ባጃጅ ውስጥ አስገባናቸው። አሁን እምቢ የሚሉበት አቅም የላቸውም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚህ ደስ አለኝ።

ሐሙስ

ሆስፒታል ነን። ዓይናቸውን ገለጡ! እንደ ሕፃን ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

የመዘምራኑ መሪ ደወለ። ነቢዩ እሑድ ይመለሳል፤ «ታስተረጉሚያለሽ አይደል?» አለኝ። ሽማግሌዎቹ ሳይመዝኑ አንድ ቃል አልመልስም አልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ።

ከሰዓት ወጣቱ ሐኪም መጥቶ በኦሮምኛ አስረዳ። እማማ እሱን አላዩትም። የሚያዩት የእኔን አፍ ነው፤ ልክ እንደ እሑዱ። ቃል በቃል መለስኩላቸው፦ «መርፌውን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ። ካቋረጡ ይሞታሉ።»

እማማ ክንዳቸውን መርፌ ይዛ ለቆመችው ነርስ ዘረጉላትና «አሜን» አሉ።

ለማን እንዳሉ አልጠየቅኳቸውም።