የአባዬ ግራ ዓይን

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እታለሜ፦

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምሽ ተወሽ ወይስ አሁንም አብሮሽ ሥራ ይውላል? ባለቤትሽስ በርትቷል? ልጆቹስ? ትልቋ አሁንም እንደ አክስቷ ያገኘችው ግድግዳ ላይ ሁሉ ትሞነጫጭራለች? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። ደህና ያልነበርንበት ጊዜ አለ፤ አንቺ ሳትሰሚ አለፈ። አደራሽን፣ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ስልክ እንዳታነሺ።

ነገሩ የጀመረው በሥዕል ነው። ሰውን ፊት ለፊት አስቀምጠን የምንሥል ጓደኛሞች በጋራ ኤግዚቢሽን ልናሳይ ተስማማንና እኔ አባዬን ልሥለው ወሰንኩ። ታውቂው የለ፣ መጀመሪያ «ይሄ የተጨማደደ ፊት ምን ይሠራልሻል?» አለ፤ በማግስቱ ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ ራሱ የሰፋውን ግራጫ ኮት ለብሶ ከች አለ። ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት፤ እዚያ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም። የወንበሩን እግሮችና የጫማዎቹን ዙሪያ ወለሉ ላይ በጠመኔ ከበብኩ፣ ሲነሳና ሲመለስ እንዳይዛነፍብኝ። ከጣሪያው ላይ እንደ ግንበኛ ቱምቢ፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር፣ አወረድኩ። ከዚያ እጄን ዘርግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በቀጭን ዘንግ ከግንባር እስከ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ እስከ አገጭ ስለካ አይቶ ሳቀብኝ። «እኔም ሳልለካ ቆርጬ አላውቅም። ሠዓሊ አስተማርኩ ስል ለካ ልብስ ሰፊ ነው ያወጣሁት!» አለ።

ሥራው አዝጋሚ ነው፣ እታለሜ። መጀመሪያ በከሰል ወረቀት ላይ ነደፍኩት። ቀጥዬ ሸራው ላይ በቡናማ ቀለም ብቻ ጥላውንና ብርሃኑን ለየሁ። እሱ እስኪደርቅ ጠብቄ ነው የቆዳውን ቀለም በስሱ፣ አንዱን በአንዱ ላይ የምደርበው። የሰው ቆዳ ቡናማ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ከዓይን ሥር አረንጓዴ አለ፣ ጆሮ ላይ ቀይ አለ። በየመሀሉ ለሸራው ጀርባዬን ሰጥቼ በመስታወት አየዋለሁ፤ ዓይን የለመደው ስሕተት ሲገለበጥ ራሱን ያጋልጣል። እንዲህ እያልን ክረምቱ ገባ፣ ብርሃኑም ደበዘዘና ሥራውን አቆምን። ሰማዩ ሲጠራ አባዬን ወደ ወንበሩ፣ ወንበሩን ወደ ጠመኔው መለስኩ።

ያኔ ነው ግራ ዓይኑ አልስማማ ያለኝ። ሣልኩት፣ ጠረግኩት። እንደገና ሣልኩት፣ በቀለም ማሟሟቻው በአኳራጅ አጥቤ አጠፋሁት። ከሌላው ፊት ጋር አልገጥም አለ። «ካሜራው» የምንለው ባልደረባዬ መጥቶ አየልኝ። እሱ ፎቶ በፕሮጀክተር ሸራው ላይ አብርቶ ነው የሚነድፈው፤ ጎበዝ ነው፣ የሣለው ብርጭቆ ልትጠጪበት ያምርሻል። «ዓይኑ ምንም አልሆነም፤ የደከመው ያንቺ ዓይን ነው። አንድ ፎቶ አንሺውና ተገላገዪ» አለኝ። እውነት መሰለኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ተምሬ የአባቴን ዓይን መሣል አቃተኝ ብዬ ሸራውን ወደ ግድግዳ አዙሬ ዋልኩ።

ግን ልቤ አላርፍ አለኝ። በማግስቱ ከክረምቱ በፊት የሠራሁትን የከሰል ንድፍ አውጥቼ ከአጠገቡ ሰቀልኩና አንድ በአንድ መለካት ጀመርኩ። ጆሮው ቦታው ነው። ቅንድቡ ቦታው ነው። አፉም፣ አገጩም ያው ነው። ክሩን አግድም ወጥሬ ሁለቱን የዓይን ብሌኖች ሳስተያይ ግን ንድፉ ላይ እኩል የነበሩት አሁን እኩል አይደሉም። ግራው ወርዷል። ወደ ፊትም ገፋ ብሏል፤ የዓይኑ ቆብ ላይ ቀድሞ ያልነበረ እብጠት አለ። የተሳሳትኩት እኔ አልነበርኩም። የተለወጠው እሱ ነው።

ስነግረው እንደ እሳት ነደደ። «ሰነፍ ሰፊ በመቀሱ ያሳብባል! ሥራሽን አበላሽተሽ በኔ ፊት ታመካኛለሽ?» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ፤ ጠመኔውን ረግጦት ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልቀመጥም አለ። ምሳ ላይ እንኳ ዓይኑን ከኔ ያሸሽ ጀመር። እማዬ ናት ወጥ ቤት ጠርታ የሹክሹክታ ያህል የነገረችኝ፦ ለካ መርፌ ላይ ክር ሲሰካ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ለካ ጠዋት ጠዋት ግንባሩን ይዞ ይቀመጣል። «እኔ እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ወደ እሱ ገብታ ምን እንዳለችው እግዜር ይወቅ፤ ሲወጣ ኮቱን ለብሶ ነበር። «ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፤ ግን ያቺ ልጅ እንዳትሰማ። በሰው አገር ሥራዋን ጥላ ትመጣለች» አለ። ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ።

ሐኪሟ የጭንቅላቱን ፎቶ አንስታ ስትመለስ ፊቷ ተለውጦ ነበር። ከዓይኑ ኋላ አንድ ነገር በቅሏል፤ ቀስ ብሎ ያደገ፣ ዓይኑን እየገፋ ያወረደ፣ የማየት ጅማቱን የሚጫን። «ክፉው ዓይነት አይመስለኝም፤ ወጥቶ ሳይመረመር ግን አልምልልዎትም» አለችው። «ከተተወ ያ ዓይን ይጠፋል። ስናወጣውም ሊጠፋ ይችላል፤ ይህን አልደብቅዎትም፣ አባባ።» አባዬ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ «ያለ ዓይን ሰፊ የለም» አለና የስምምነቱን ወረቀት ፈረመ።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ከመግባቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ሳልጠራው ራሱ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ነገ የሚሆነው አይታወቅም፤ የዛሬዋን ያዢ» አለኝ። ሣልኩት። የወረደውን ዓይን እንዳለ፣ እንደወረደ። ክንዴን እንደ ፊደል ለማጅ በግራ እጄ ደግፌ ነው የሠራሁት። አንዴ ብቻ «ቀጥ አድርገሽ አትሥዪውም?» አለኝ። «የማየውን ነው» አልኩት።

የሕክምናውን ቀን አልተርክልሽም፤ እማዬ ስትጸልይ እኔ የኮሪደሩን ግድግዳ ንጣፎች ስቆጥር አለፈ። ክፉው አይደለም አሉን፤ ወድቀን መሬት ሳምን። ዓይኑ ያይ እንደሆነ ግን ፋሻው እስኪነሳ ማንም አያውቅም ነበር። ሐኪሟ ፋሻውን ስትፈታ ቀኙን በእጇ ሸፈነችና «ምን ይታይዎታል?» አለችው። እማዬ ክንዴን ይዛ ጥፍሯን ቀበረችብኝ። ግራ ዓይኑ ደም መስሎ፣ እንባ አቅርሮ ወደኔ ዞረ፤ ከላይ እስከ ታች ሄደብኝ። «አንቺ ልጅ» አለ፣ «የቀሚስሽ ጫፍ ተተርትሮ የለም እንዴ? እንዲህ ሆነሽ ነው ሰው ፊት የምትቆሚው?»

እታለሜ፣ ሐኪም ቤቱን በልቅሶ አናወጥነው። ሐኪሟ ራሷ ሳቋ አመለጣት።

ሙሉ በሙሉ ድኗል ብዬ አልዋሽሽም። ሲመሽበት ነገር ሁለት ይሆንበታል፤ ዓይኑም ወደ ጥንት ቦታው ገና አልተመለሰም። ግን መርፌ ላይ ክር ሰክቷል። ቤት በገባ ሳምንቱ ሸራውን አሳዪኝ አለ፤ እስከዚያ ከልክዬው ነበር። አንዴ ቀኙን አንዴ ግራውን በመዳፉ እየሸፈነ ብዙ ቆመ። «ይሄ ሰውዬ ፈርቷል» አለ በመጨረሻ። እኔም ቶሎ ብዬ «ከፈለግህ ፍቄ ቀጥ አደርገዋለሁ፣ ኤግዚቢሽኑ ገና ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ደንበኛ ሲሆን የጎበጠውን ትከሻ ጥጥ ሞልቼ ቀጥ አደርገዋለሁ። ይሄ ግን ልብስ አይደለም፤ ተዪው። ለእህትሽም ጻፊላት፤ ፈርቼ እንደነበር ትወቀው።»

ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ስለደበቅንሽ ብትቆጪ እውነትሽን ነው፤ ቁጣሽን ግን ለሁለት ከፍለሽ ግማሹን ለእሱ ላኪለት፤ ይቻለዋል።

ባለቤትሽን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቋን «ግድግዳውን ተዪና ወረቀት ያዢ፣ አክስትሽ ቀለም ትልክልሻለች» በያት፤ ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ገምጪልኝ። እማዬ «አንገትሽን ከብርድ ሸፍኚ፣ እህል ቅመሺ» ብላሻለች። አባዬ ሰላምታ አልሰጠኝም፤ የትከሻሽን ልክ ብቻ ላኪልኝ ብሏል፣ ካፖርት ሊጀምርልሽ ነው።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ፣
ከሥዕል ክፍሌ፣ ከመስኮቱ ሥር
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9