የወፍጮው ሦስተኛ ነውር

ኅዳር 3 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ወፍጮው ዛሬም በጊዜ ተነሳ። ጭሱ እኔ ቤት ድረስ ይገባል። ኩላሊቴ አላስተኛኝም። ደብተሬ፣ ድርሻዬን ልሸጥ ነው። አራት ሆነን ያቆምነው ወፍጮ፣ ሩቡ የእኔ። ለጠየቀኝ ሁሉ ምክንያቴን እነግራለሁ። የንግድ ግብሩ ከበደኝ። ደግሞ ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ከሁለት እናት ናቸው፤ ስሞት በአንድ ሞተር ከሚካሰሱ በቁሜ ላካፍላቸው። ሁለቱም እውነት ነው።

ኅዳር 5፣ ከሰዓት
ያልጻፍኩልህ አለ። ስለ ግብሩ ልጠይቅ ወረዳ የሄድኩ ቀን፣ ጽ/ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ዘመዴ ወደ ጥግ ሳብ አደረገኝ። የገበሬ ማኅበሩ የራሱን ወፍጮ ገበያው አጠገብ ሊተክል ነው፤ የእኛ ፈቃድ ሲያልቅ አይታደስም። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ማልኩ። መሸጡን ከዚያ በፊት ነው የቆረጥኩት እላለሁ። ውሸት። አስቤው ነበር እንጂ አልቆረጥኩም።

ኅዳር 9
ገዢ ተገኘ። ወ/ሮ ዘሐራ፣ የሟቹ ጓደኛዬ የይመር ሚስት፣ ከዋጃ። ባሏ የተወላትን ግመሎች ለአፋር ነጋዴ ሸጣ ነው የምትገዛኝ። ምነው ሌላ ሰው በሆነ! ወፍጮ ለልጆቼ እንደ መሬት ነው አለችኝ። እውነትሽን ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ፈሪ።

ኅዳር 12
ተዋዋልን። ሼህ ይማም ዱአ አደረጉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አሜን አልን። በአገራችን በሬ ሲሸጥ ሻጩ ነውሩን ይናገራል፤ ይወጋል፣ ሲጠምዱት ይተኛል ብሎ። ሼሁ ያንኑ ደንብ አመጡብኝ። «በል ኪዳኔ፣ ነውሩን ተናገር» አሉ። ሞተሩ ብርድ ሲመታው አይነሳም አልኩ። ቀበቶው አርጅቷል አልኩ። ሰው ሁሉ መረቀኝ። ዘሐራማ፣ ቀበቶውን እንኳ አልደበቀኝም ብላ እንባዋ መጣ። ሁለት ትንንሽ ነውር አውጥቼ ትልቁን ሸፈንኩበት። ይህን ያህል ብልጥ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ኅዳር 20
ግብሬን ከፈልኩ። የቀረው ሳጥን ውስጥ ነው። ለልጆቼ ላካፍል ብል እጄ አልሄድ አለ፤ እርም ሆነብኝ። ታላቋ፣ አበባ፣ ምን ትጠብቃለህ አለችኝ። ጮህኩባት። እሷ ምን አጠፋች?

ኅዳር 24
ዘሐራ ወተት ይዛልኝ መጣች። የእህል አስፈጪው ሰልፍ መንገድ ደርሷል አለች። ደስታዋን ብታይ! ከዚያ ሌላ ነገር አመጣች። ከአራታችን አንዱ፣ የሮቢቱ ሸሪካችን፣ እኔ መሸጤን አይቶ ነው መሰል፣ እሱም ልሽጥልሽ ብሏታል። «አያ ኪዳኔ፣ ላሞቹን ሽጬ ልግዛው ወይ? አንቱ ያሉኝን ነው የማደርግ» አለች። ላስብበት አልኳት። ምኑን ነው የማስበው? እሱ እኔን አይቶ ይሸጣል፤ እሷ እኔን አምና ትገዛለች።

ኅዳር 25፣ ጠዋት
ቆርጫለሁ። መሐላ አለብኝ፣ ለዘመዴም እንጀራው ነው። የነገረኝን ሰው ስም አላወጣም፤ ነውሩን ግን አወጣለሁ። ገንዘቧን እመልሳለሁ። ለግብር የሄደውን በሬዎቼን ሸጬ እሞላዋለሁ። ለአበባ ነገርኳት። ተነስታ የሳጥኑን ቁልፍ አመጣችልኝ። ወደ ሼህ ይማም እሄዳለሁ። እነዚያው ሰዎች ይሰብሰቡ፣ በፊታቸው ወፍጮው ሦስተኛ ነውር አለው እላለሁ። ምርቃታቸውን ይውሰዱት። ያፍሩብኝ። ይገባኛል።

ዘሐራ ከደጅ እየተጣራች ነው፤ አያ ኪዳኔ፣ አያ ኪዳኔ ትላለች። መልሴን እንኳ አልጠበቀችም። የላም ኮቴ ይሰማኛል። ወደ ገበያ እየነዳቻቸው ነው። ሳትሸጣቸው ልውጣ።