ከኋላ የምትከተል ቤት

ይድረስ ከሩቅ እንጂ ከቅርብ ላላየሁዎ ለባለቤቴ እናት፤

እማማ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ ይብስብዎታል ሲባል ሰምቻለሁና ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ልጠይቅ። እኛ ደህና ነን። ይህን የእጅ ጽሑፍ አያውቁትም፤ የማያውቁት ጽሑፍ ቤት ሲመጣ ደግሞ ልብ ድንግጥ ይላል፤ ስለዚህ ቶሎ ልንገርዎ፣ ክፉ ነገር የለም። ልጅዎ ደህና ነው። ይበላል፣ ይሠራል፣ ያንኮራፋል። ሆዱ ትንሽ ወጣ ብሏል፤ የዚያ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።

ሚስቱ ነኝ። ስንጋባ እርስዎ አልነበሩም። ለምን እንዳልነበሩ አሁን አላነሣውም፣ ቦታው ሲደርስ ራሱ ይመጣል። አድራሻዎን የሰጡኝ እህትዎ ናቸው። ባለፈው ሊጠይቁን መጥተው ልጅዎ ወጣ ሲል ጠብቀው፣ “ጻፊላት። እኔ እነዚህን ሁለት ግትሮች አስታርቃለሁ ስል ፀጉሬ ሸበተ” አሉኝ። እኔ ደግሞ እንኳን ለማላውቃቸው ሰው ለእናቴም ደብዳቤ ጽፌ አላውቅ። ይኸው ግን ጀመርኩ። መጻፌን ልጅዎ አያውቅም።

ሥራዬ የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ነው። የእሱን ያውቁታል፤ ዛሬም እዚያው አውቶቡስ ጋራዥ የተጋጨውን እየቀጠቀጠ፣ የተቀደደውን እየበየደ ይውላል። የተዋወቅነውም በአንድ በተገለበጠ አውቶቡስ ነው፤ እሱ ጎኑን ሲያቃና፣ እኔ ወንበሮቹን ሳለብስ። “የአውቶቡሱ መከራ ለእኛ ሠርግ ሆነ” እያለ ይቀልዳል። ሰው አልተጎዳም፣ ባዶውን ነበር የተገለበጠው፤ እንዳይሳቀቁ ብዬ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። አንድ ቅዳሜ፣ የጫማ ካርቶን ክዳን ላይ የሣለውን ነገር ይዞ መጣ። ፊቱ ድብልብል፣ ኋላው ሸርተት እያለ የሚሾል፣ ከሥሩ ጎማ ያለው ነገር ነው። “ዓሣ ነው?” ስለው ተቀየመኝ። “ቤት ነው። ከመኪናችን ኋላ የምትጎተት መኝታ ቤት። ሁለት ሰው ታስተኛለች። የኋላ ክዳኗ ወደ ላይ ሲከፈት ምድጃና መደርደሪያ አላት። ቅርጿ የእንባ ዘለላ ነው” አለኝ። “እንግዲያው እኔ እንባ ውስጥ አልተኛም” አልኩት። ሣቀ፤ ሣቁ ግን ካፉ አላለፈም፣ ዓይኑ ካርቶኑ ላይ ነበር።

“የት ልንሄድባት ነው?” ስለው “ሐይቅ” አለኝ። ልጅዎ ውኃ እንደሚፈራ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንኳ ገብቶ አያውቅም። ቢሆንም ተቀበልኩት፤ ምክንያቱም አንድ የማውቀው ጠባይ አለው። ሰው ቤት አያድርም። እናቴ ጋ ስንሄድ አልጋ ተነጥፎለት፣ “ነገ ሥራ አለብኝ” ብሎ ይዞኝ ይመለሳል፤ ነገ እሑድ ቢሆንም። ወንድሜ ቤት ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ “ግባ እንጂ!” ሲሉት “እዚሁ ይመቸኛል” ይላል። እናቴ ኩራት መስሏት አንድ ሰሞን አኩርፋን ነበር። እኔም “እንዲህ ሆኖ የተፈጠረ ነው” ብዬ ተውኩት። ስለዚህ “የራሴን አልጋ ይዤ ብሄድ ማንንም አላስቸግርም” ሲለኝ ነገሩ ገባኝ። የገባኝ መሰለኝ።

ከጋራዡ የተጣለ የተጎታች አክስል ከነጎማው አምጥቶ ግቢያችን ውስጥ ሥራ ጀመርን። ግቢው የጋራ ነው። ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጡረተኛ ወንበራቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው ሳይጠሩ ኃላፊ ሆኑልን። “በግራ ዝቅ ብሏል!” ይላሉ ከላይ። ደግሞ ሁልጊዜ እውነታቸውን ነው። ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጥርሳቸውን እየፋቁ “እንቁላሏ መቼ ነው የምትፈለፈለው?” ይላሉ፤ እንቁላሏ ተብላ ቀረች።

ሥራው እንደ ሥዕሉ አልቀለለም። በተለይ ጣሪያው አጣላን። ስሱን ጣውላ ከፊት ወደ ኋላ በጎበጡት የጎን እንጨቶች ላይ ማጠፍ ነበረብን። ልጅዎ በጉልበቱ ተጫነው። ጧ! ብሎ ተሰነጠቀ። ሌላ አመጣ፤ ያም ተሰነጠቀ። መዶሻውን ወርውሮ “የማይሆን ነገር ነው የጀመርኩት፣ ድሮም የማይሆን ነገር ነው!” ብሎ ወጣ። ለአንድ ጣውላ ይህን ያህል መናደዱ ገረመኝ። ቆዳ ወንበር ላይ ሳለብስ ደርቆ እንቢ ሲለኝ በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጠቅልዬበት እተወዋለሁ። ሲለሰልስ እስበዋለሁ። ጣውላውንም እንዲያው አደረግሁት። ልጅዎ ሲመለስ እርጥብ ፎጣ ለብሶ የተኛ ጣውላ አገኘ።

“ምነው፣ አሞት ነው?” አለኝ።

“አንተ ነህ ያሳመምከው” አልኩት።

በማግስቱ እሱ ባንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ሆነን በገመድ እየሳብን፣ “ቀስ”፣ “ቀስ በል አልኩህ”፣ “አንቺ ነሽ የቸኮልሽው” እየተባባልን አጠፍነው። እንቢ ያለው ጣውላ እንደ ድመት ጀርባ ጎበጠልን። ጡረተኛው ከላይ አጨበጨቡ። ትዳር ማለት ይኸው ነው ልልዎ ነበር፤ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል ብዬ ተውኩት።

ፍራሿን ሰፋሁ፣ ለመስኮቷ መጋረጃ አበጀሁ፣ እሱ ላሜራ አለበሳት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ግልጽ ነው። ደረጃዋ ላይ ግን ግራ ገባኝ። ተጎታቿ ከመሬት ብዙም አትርቅም፤ እኔ አጭሯ እንኳ ዘልዬ እገባለሁ። እሱ ግን ከበሩ ሥር የምትሳብ ደረጃ በየደ። ቆመባት፣ ተቀመጠባት፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ወጣባት፣ ከዚያ ቆርጦ ጣላትና ዝቅ አድርጎ ሌላ በየደ። እሷንም ቆረጣት። ቀጥሎ በሩ ጎን የእጅ መያዣ ብረት ገጠመ፤ እንዳይቀዘቅዝ ደግሞ ቆዳ አልብሺልኝ አለኝ።

“ለማን ነው ይሄ? እኔ ገና አላረጀሁም” አልኩት።

“ያስፈልጋል” አለ።

“ለማን?”

ብየዳውን ቀጠለ። የብየዳ መከላከያ ያጠለቀ ሰው ፊቱ አይነበብም፤ ያን ቀን ሥራው ካለቀ በኋላም ቶሎ አላወለቀውም።

በዚያው ሰሞን ከሰዓት በኋላ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። “ነይ ግቢ፣ የምታፈስ እንደሆነ እንይ” ብሎ ጎትቶ አስገባኝና በሩን ዘጋው። ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን፣ አንገታችንን አቅንተን ጣሪያውን ስናይ ቆየን። ላሜራው ላይ ዝናቡ እንደ ጠጠር ይወርዳል። ጠብታ አልገባም። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ “እማዬ” አለ። እማማ፣ ከተጋባን ጀምሮ ይህን ቃል ካፉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ነገረኝ። እኔ ባልጽፈውም እርስዎ የሚረሱት አይመስለኝም። የአባቱ ሕመም መጥናቱ ሲነገረው ሩቅ መንገድ ላይ የቆመ አውቶቡስ ሥር ተኝቶ ነበር። ተሳፋሪው ከነሕፃናቱ ሜዳ ላይ ነው። ጠግኖ ሳያስነሣው መሄድ አልቻለም። ሲደርስ ተቀብረዋል። ለቀስተኛው እየወጣ፣ እርስዎ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ “ስምህን ሲጠራ ዋለ። አሁን ማንን ልታይ መጣህ?” አሉት። አንድ እግሩ ደፉን አልፎ ነበር። መልሶ አወጣው።

ሐዘን የያዘው ሰው አፉ የራሱ አይደለም፤ እኔ በእርስዎ አልፈርድም። እሱም አልፈረደም። “እውነቷን ነው” ብቻ ነው ያለኝ። “ታዲያ ለምን ቆይተህ አልተመለስክም?” አልኩት።

“ከእናቱ ደጃፍ የተመለሰ ሰው በማን ደጃፍ ይገባል?” አለኝ።

እናቴን፣ የተነጠፈውን አልጋ፣ የወንድሜን በር አስታወስኩ። ስንት ጊዜ “አንተ ሰው፣ ለምን ታሳፍረኛለህ?” ብዬዋለሁ። እጁን ያዝኩት። ዝናቡ ሲያባራ “አታፈስም” አለና በሩን ከፍቶ ወጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት ለሙከራ ይዘናት ወጣን። እንደተባለው ወደ ሐይቅ ነው። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ስንደርስ ልጅዎ ቆመ። በግራ ሐይቁ ነው፣ በቀኝ ወደ እርስዎ። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ጎማዎቹን በእግሩ መታ። ከመኪናው ጋር ያገናኛትን ማያያዣ ነቀነቀ፤ ቅድም ነቅንቆታል፣ ምንም አልሆነም። ተመልሶ ገባ፣ መሪውን ይዞ ቀረ። ከኋላችን የመጣ ሹፌር ጥሩምባውን ነፋብን። ይመስገንና ያ ባለጌ፣ እሱ ባይነፋ እስካሁን እዚያው በነበርን። ወደ ቀኝ ዞርን።

ከቤትዎ በታች፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ አቆመ። ደጅ ላይ ነበሩ፣ አንሶላ ያሰጡ ነበር። ነፋሱ ከእጅዎ እየነጠቀ ሲያስቸግርዎ አየሁ። ልወርድ በሩን ስከፍት ክንዴን ያዘኝ። እኔም ተቀመጥኩ። የሚያብረቀርቅ ነገር አጥሩ ጥግ ቆሞ አይተው “የማን ማሽን ነው?” ብለው እንደሆነ እኛ ነበርን። አስጥተው ጨረሱ። ወደ ቤት ሲገቡ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ደህናውን እግርዎን አስቀድመው፣ ሌላውን እየሳቡ ደረጃውን ወጡ። መሐል ላይ ቆመው አረፉ። ልጅዎ ዓይኑን ከእግርዎ ሳይነቅል በስንዝሩ መሪውን ሲለካ አየሁት።

በሩ ከተዘጋ በኋላ “ገና ከፍ ይላል” አለኝ።

ምኑ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። ቤት እንደደረስን ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ ዝቅ አድርጎ ሊበይዳት ደረጃዋን ቆረጣት።

እማማ፣ ቅዳሜ እንወጣለን። ሐይቅ ነው ይላል። እኔም “እሺ፣ ሐይቅ” እላለሁ። ለሐይቅ ብሎ ፀጉሩን ተስተካከለ። ለሐይቅ ብሎ ሸሚዝ አስተኮሰኝ። እንዴት እንደሚሆን ግን ቃል ልገባልዎ አልችልም፤ ምናልባት እንደገና አጥሩ ጥግ ቆመን እንመለስ ይሆናል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት እንደዚያ እንዳይሆን ነው።

ካዩን አደራዎን “ግባ” አይበሉት። ልቡ ቢፈልግም እግሩ እንቢ ይለዋል። “የት ነበርክ?”ም አይበሉት። እርስዎ ይምጡ። በሯ በቀኝ በኩል ነው። ገብተው ይቀመጡ፤ ፍራሹ ጠንከር ያለ ነው፣ ተቀምጦ ለመነሣት እንዲመች አድርጊው ብሎኝ ነው። ከዚያ “ይቺ ነገር ዝናብ ታስገባለች ወይ?” ብለው ይጠይቁት። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ምላሱ ይፈታል፤ ስለ ላሜራው፣ ስለ ጣውላው፣ በእኔ ላይ ስለጮኸብኝ ጊዜ ሁሉ ያወራልዎታል። ሌላውም ቃል እያደር በራሱ ጊዜ ይወጣል። እኔ በዚያን ጊዜ ከኋላ ምድጃው ጋ ሥራ አላጣም፤ ሁለታችሁን ብቻችሁን እተዋችኋለሁ።

ጉልበትዎን ያበርታልዎ። ቤትዎን ድምፅ አያሳጣብዎ፤ ደጅዎን የሚረግጥ ሁሉ በደህና ይርገጠው። እኔንም ሳያዩኝ ይመርቁኝ፤ ሲያዩኝ ምን ያህል አጭር እንደሆንኩ ገርሞዎት ምርቃቱን እንዳይረሱት።

እጅዎን ስሜ፣

የልጅዎ ሚስት፤ ከፈቀዱልኝ ደግሞ ልጅዎ።