ጋሼ ከድር ያላዩት ሞገድ

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2017

ትናንት እማዬን ሐዋሳ ወስጄ ሐይቁ ላይ በመቅዘፊያ ጀልባ እያዝናናኋት ነበር። አንድ ሞተር ጀልባ እየበረረ መጥቶ አጠገባችን አለፈ። ሞገዱ ጀልባችንን ናጠው። እማዬ ውሃ በውሃ ሆና፣ እመቤቴን እየጠራች ክንዴ ላይ ተጣበቀች። ቀዛፊያችን "ትንሽ ጀልባ ሲያዩ ቀዝቀዝ ማለት ነበረባቸው" ብሎ ተበሳጨ። ቀና ስል ከሞተር ጀልባው ላይ እጃቸውን የሚያውለበልቡት ጋሼ ከድር ናቸው፤ ሸማ ተራ ከሱቄ ጎን ጋቢ የሚሸጡት። ፊቴን አዞርኩ።

ዛሬ ጠዋት አኩርፈው ሱቄ በር ላይ ቆሙ።

"ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነጂውን አስጠጋኝ ብለው ፊትሽን ታዞሪብኛለሽ?"

"ጋሼ፣ ሞገዱ ሊገለብጠን ነበር እኮ።"

"የምን ሞገድ? ውሃው ጸጥ ብሎ አልነበር እንዴ?"

የዋሹ አይመስለኝም። ሞገዱ የሚቀረው ከኋላቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ዞረው አላዩም። ትንሽ አሰቡና ወደ ሱቃቸው ገቡ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት ትናደዳለች ብዬ ነበር። "ሰላም ሊሉን ኖሯል? እኔ ደግሞ እጄን እንኳ ሳላነሳላቸው" ብላ አዘነች።

አሁን ጭራሽ ግራ ገባኝ። ነገ ሱቅ ስንከፍት ቀድሞ ሰላም ማለት ያለበት ማን እንደሆነ አላውቅም።