በላይነሽ ማርፈድ የተወችበት ሳምንት

ሰኞ

ዛሬም አረፈደች። እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ጥቅል ክር ሳገላብጥ ነበር። በላይነሽ አንገቷን ደፍታ ገብታ መስፊያ መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ የስፌት ቤቱ ዐይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተቆጣጣሪ ተብዬ ከተሾምኩ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው፣ መታየት።

ለምን እንደምታረፍድ የማያውቅ የለም፤ የሚናገርም የለም። ታናሽ ወንድሟ ፀረ አብዮተኛ ተብሎ፣ ቀበሌዎቹ በሚታዘዙለት በከፍተኛው ግቢ ታስሯል። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ስንቅ ታደርሳለች፤ ጠባቂዎቹ ደግሞ በሩን የሚከፍቱት ደስ ሲላቸው ነው። የትናንቱ ምሳ ዕቃ ባዶውን ከተመለሰላት ልጁ በልቷል፣ ማለትም አለ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ታፈሰ አስጠራኝ።

«ጓድ አስካለ፣ ያቺ ሴት ምን ሆና ነው?»

«የቦኖ ወረፋ ነው» አልኩት።

«ውሃ የምትቀዳው ከአባይ ነው እንዴ?»

እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐሙስ በሂስና ግለ ሂሱ ስብሰባ ላይ አንቺ ሂስ አቅርቢባት። አንቺ ካላቀረብሽ እኔ አቀርባለሁ። እኔ ካቀረብኩ ደግሞ ምክንያቱን በሰው ፊት መጠየቄ ነው» አለኝ።

ማስፈራሪያ ይሁን ውለታ አልገባኝም። ምክንያቱ በስብሰባ ላይ ከወጣ ግን እሷም ወንድሟን ተከትላ መሄዷ ነው።

ማክሰኞ

እንዴት ልንገራት? ድሮ እኮ ጎን ለጎን ነበርን። መቀስ ስንዋዋስ፣ ሰው ስናማ፣ ቀኑ ሳይታወቀን ይመሽ ነበር። የተሾምኩ ዕለት «እንኳን ደስ ያለዎት» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ነኝ።

ዛሬ ልላት ያሰብኳቸው፦ ጎረቤት ስንቁን ያድርስልሽ። (ማን ደፍሮ?) ታምሜያለሁ በይ። (ወረቀት አምጪ ይሏታል።) ስንቁ አንድ ሳምንት ይቅር። (ይህን ለማሰብ ራሱ አፈርኩ።)

አንዱንም ሳልላት መሸ። ወሬዋ ከክር የሚረዝመው የሥራ ባልደረባችን ሙሉ አጠገቤ መጥታ፣ «አለቃ መሆን ያወፍራል ሲሉ፣ አንቺ ጭራሽ ከሳሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ረቡዕ

ከሥራ ወጥቼ አብነት ሰፈር፣ ቤቷ ሄድኩ። ስታየኝ ደነገጠች። በዚህ ዘመን ሳይጠራ በር የሚያንኳኳ ሰው ያስደነግጣል። የጓድ ታፈሰን ቃል አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሽንኩርቷን እያቁላላች ሰማችኝ።

«በይ እስቲ ተነሽና ሂሱን በይው፣ ልስማሽ» አለችኝ።

ተነሣሁ። «ጓድ በላይነሽ ጎበዝ ሠራተኛ ስትሆን፣ አልፎ አልፎ...»

«ይኼ ሂስ ነው ወይስ ምርቃት? እንዲህ ካልሽማ ተመካክረዋል ይላሉ። ሰነፍ በዪኝ። ለምርት ግድ የላትም በይ። ጠንከር ስታደርጊው ለምን ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።»

ደገምኩት። «ትከሻሽን ቀና አድርጊ» አለችኝ። መጨረሻ ላይ ሁለታችንም ሳቅን። እርስዎነቴም ሳላውቀው ቀርቶ ነበር።

ነገ ፍስክ ነው ብላ ለወንድሟ የሥጋ ወጥ ነበር የምትሠራው። ሥጋውን ከየት እንዳገኘችው አልጠየቅሁም። ቤቱ በወጡ ሽታ ሞቆ ነበር።

ሐሙስ

እንደ ልማዷ አርፍዳ ገባች። ምሳ ላይ በሰማያዊ ጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ዕቃ ፈትታ ሁላችንንም ጠራችን። የሥጋ ወጥ! ለእኛም የሚተርፍ ሠርታ ኖሯል።

«ምነው በላዩ፣ ስለት አለብሽ?» አለች ሙሉ።

«ብሉ፣ ይበላሻል» አለች።

በላን። ተሻማን ብል ይቀላል። እኔን በእጇ አጎረሰችኝ። ለሂሱ አስቀድማ ይቅር ያለችኝ መስሎኝ ልቤ ተረጋጋ።

ስብሰባው ላይ እንደተለማመድነው አቀረብኩ። «ሰነፍ» ስል ድምፄ ተሰበረ፤ እሷ ግን ቀጥይ እንደምትል መምህር አየችኝ። ሂስ የቀረበበት ሰው ተነሥቶ መቀበል አለበት። ተነሣች።

«ሂሱን ተቀብያለሁ። ከነገ ጀምሮ አላረፍድም።»

ሁለተኛው ቃሏ ከልምምዳችን ውስጥ አልነበረም። ጓድ ታፈሰ አጨበጨበ። ሁላችንም አጨበጨብን። ምክንያቱን የጠየቀ የለም። ተረፍን አልኩ በሆዴ። ግን ስንቁን በየት በኩል ልታደርስ ነው?

ዓርብ

ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ቆማ አገኘኋት። ቀኑን ሙሉ ቀና ሳትል ሰፋች። ጓድ ታፈሰ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «አየሽ፣ ሂስ መድኃኒት ነው» አለኝ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ከተሾምኩ ወዲህ የተሳካልኝ የመጀመሪያው ነገር ነው።

«ስንቁን ማን ወሰደልሽ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ተይው» አለችኝና ፔዳሉን ረገጠችው።

ቅዳሜ

ዛሬም ከሁሉ ቀድማ ገባች። ሥራው ግማሽ ቀን ስለሆነ አብረን ወጣን። ልደታ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጋ ስንደርስ ተሳለመች፤ ግንባሯን ከግንቡ ሳታነሣ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር ነገረችኝ።

«ሐሙስ ጠዋት ምሳ ዕቃውን እንደሞላ መለሱልኝ። እዚህ የለም፣ ሁለተኛ እንዳታመጪ አሉኝ።»

ሐሙስ ጠዋት። ከምሳው በፊት። ከስብሰባው በፊት።

«ተዛውሮ ይሆናል» አልኳት።

«ይሆናል።»

የበላሁት ወጥ የእሱ ስንቅ ነበር። ያን ሁሉ ሰው አጎርሳ፣ ተነሥታ ሂስ ተቀብላ፣ አላረፍድም ያለችው የምታረፍድበት ስላልነበራት ነው። እኔ ደግሞ አጨብጭቤላታለሁ። እንዳታለቅስ፣ ጎረቤት ማን ሞተብሽ ይላል።

«ሰኞ አትግቢ» አልኳት። «የሌሎቹን ከፍተኞች በር እየዞርሽ ጠይቂ።»

«ቃል ገብቻለሁ እኮ።»

«ቃሉን ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። ከጓድ ታፈሰ ጋር እኔ እነጋገራለሁ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። እሺ ትበል እንቢ አላወቅሁም።

እሑድ

ጠዋት ቆሜ የነገውን ስለማመድ ነበር፣ ትከሻዬን ቀና አድርጌ። አሟታል ልል አሰብኩ፤ ወረቀት ይለኛል። ቦኖ ልል አሰብኩ፤ አባይን ያነሣብኛል። በመጨረሻ «እኔ ነኝ የላክኋት» እላለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ይኼኛው ውሸት አይደለም።

«ወዴት?» ቢለኝ የምመልሰውን ግን ገና አላገኘሁም።